ገደል የሌለበት መንገድ

መስከረም 8

ይድረስ ለወንድሜ ለመንገድ መሪው፤

ይህ ወረቀት በደህና ቀን ይግባልህ። እግርህ አይድከም፤ ከፊትህ ያለው መንገድ ከኋላህ ካለው ይቅለልልህ።

ማን ናት ብለህ እንዳትደናገር፣ የአያትህ ታናሽ እህት የልጅ ልጅ ነኝ። ልብስ ሰፊዋ፣ ውጭ አገር የምትኖረው። በታላቁ አጎታችን ቀብር ላይ ተያይተናል። አንተ ያኔ ወንበር የምትሸከም ጎረምሳ ነበርክ፣ እኔ ደግሞ ልጅ ያዘልኩ ወጣት። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ እኔ ግን ጎረቤቶቼን ስለማውቃቸው ሩቅ ዘመዴን መረጥኩ።

ያኔ ያዘልኳት ልጅ አሁን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዋና ትወድ ነበር። ባለፈው ተራራ ላይ ድንኳንህ አጠገብ ቆመህ የተነሳኸውን ፎቶ አክስታችን ልካልኝ ልጄ አየችውና፣ «እዚህ መሄድ እፈልጋለሁ» አለች። ስለዚህ መጥተን ሻንጣ በጀርባችን አዝለን፣ ድንኳን ውስጥ እያደርን በእግር ልንጓዝ አስበናል። አንተ ምራን። እንዴት እንደሚሆን ጻፍልኝ። ስልክ አልደውልልህም፤ ያንተ ተራራ ላይ አይሠራም፣ የእኛ ቤት ግድግዳ ደግሞ ስስ ነው።

እህትህ

ጥቅምት 3

ለተከበሩ እትዬ፤

እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ለክፉ የሚሰጥ ነገር አላገኘኝም። ፈጣሪ እርስዎንም ልጅዎንም ከመንገድ ክፉ ይሰውርልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ደስታዬ ወሰን አጣ። ሃያ ዓመት የማላውቃቸውን ሰዎች ስመራ ኖሬ ዘመድ ልመራ ነው።

ቢሮዬ ብስክሌት ጠጋኙ አጠገብ ያለች አንድ ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ካርታ አለ፤ ጣቴን ያሳረፍኩባቸው ቦታዎች ቀለማቸው ለቋል። አብረውኝ የሚሠሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ምግብ አብሳያችን ነው፤ ድስት በከፈተ ቁጥር «ጨው አነሰው» ስለሚል ስሙም ጨው አነሰው ሆኖ ቀረ። ሌላው በቅሎዎቹን የሚጭነው ሰው ነው፤ እሱ ከበቅሎዎቹ ጋር እንጂ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም።

የሳምንት ጉዞ ይበቃችኋል። በመኪና እስከ ተራራው መግቢያ እንሄዳለን። ከዚያ ጫካውን አቋርጠን በዳገቱ ወደ ጫፉ እንወጣለን። ጫፉ ላይ ሲቆሙ ደመናው ከእግርዎ በታች ነው። ያንን አይቶ አፉን ያልከፈተ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። በቅሎዎቹ ድንኳኑንና ስንቁን ይይዛሉ፤ የእናንተን ሻንጣ ግን እናንተ።

የሁለታችሁንም የጫማ ቁጥርና የወገብ ልክ ይላኩልኝ። የሻንጣ ክብደት የሚያርፈው ትከሻ ላይ ሳይሆን ወገብ ላይ ነው፤ ቀበቶው ካልገጠመ ሰው ያሠቃያል። የሚወሰድ መድኃኒት ካለ፣ ከፍታ የሚፈራ ካለ፣ እንቅልፍ የሚያስቸግረው ካለ ይጻፉልኝ። በሽታ አይደበቅ፤ ተራራ ምሥጢር አይጠብቅም።

ታናሽዎ

ኅዳር 11

ለወንድሜ፤

ሰላምህ ይብዛ፣ ቤትህ ሙሉ ይሁን። መጀመሪያ ይህን አንቱታህን ተውልኝ፤ ሳነበው መቶ ዓመቴ መሰለኝ። አንቺ በለኝ።

ስለ እኔ፦ ግራ ጉልበቴ ዳገት አይወድም። መነጽር አለኝ። አንኮራፋለሁ፤ ድንኳኔን ከበቅሎዎቹ አጠገብ ትከላት፣ እነሱ አይሰድቡኝም። የእኔን ልክ በጀርባው ጽፌልሃለሁ። የልጄን ገና አልለካሁም፤ ሥራ በዝቶባታል።

አንድ ነገር ልጨምር። መራመድ ብቻ እንዳይሆንባት፣ የሚታይ ነገርም ይኑር። አገሩን የሚያሳይ መጽሐፍ ገዝቼ ነበር። ፏፏቴ አለ አይደል? ፍል ውኃው ከመንገዳችን ሩቅ ነው? ዋሻውንም ጨምርልን። ሐይቁ ላይ ጀልባ አለ ይላል። ከተማ ስንመለስ ሙዚየሙንም እንይ። በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አንድ ነገር እንዲኖር አድርገህ አስተካክለው። ባዶ ቀን እንዳይኖር፣ አደራ።

እህትህ

ታኅሣሥ 6

እትዬ፤

ጤናሽ ይጠበቅ፣ ልጅሽ ትደግልሽ። ታዘዝኩልሽ፤ አንቺ ብያለሁ። «እርስዎ» ብዬ ጀምሬ ግን ሁለት ጊዜ ሰርዣለሁ።

እውነቱን ንገሪኝ፣ ይሄ ጉዞ ነው ገበያ? ከዋሻ ወጥተን ጀልባ፣ ከጀልባ ወርደን ፍል ውኃ! ለጨው አነሰው ሳነብለት «ታዲያ እኔ መቼ ነው ውኃ የማፈላው?» ብሎ ተቆጣ። እንግዶች መጀመሪያ ሁሉንም ማየት ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ዝም ይላሉ። ዝም ብሎ መራመድ ይጣፍጣቸዋል። የሚከፍሉትም ለዚያ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሁን አንድ ነገር ልበልሽ፣ አትቀየሚኝ። ስለ ጉልበትሽ ነግረሽኛል፣ ስለ መነጽርሽ ነግረሽኛል፣ ስለ ማንኮራፋትሽ እንኳ ሳልጠይቅሽ ነግረሽኛል። ስለ ልጅሽ የጻፍሽልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋና ትወድ ነበር። ነበር ማለትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ምን ሆና ነው የምትወደው ነገር «ነበር» የሆነው?

ታናሽሽ

ጥር 19

ወንድሜ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ልክ ጠይቀኸኝ አይደል? ልክ ለካሁ።

የምሠራው አንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነው። ከመስኮታችን የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግር ብቻ ነው። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ለወፈረው እለቃለሁ፣ ለከሳው አጠብባለሁ። የሰው ወገብ በዓይኔ አይቼ ልክ የምናገር ሰው ነኝ። የገዛ ልጄን ወገብ ግን አላውቀውም ነበር፤ ሁልጊዜ ብርድ ልብስ ተጠቅልላ ነዋ።

ሜትሬን ይዤ ክፍሏ ገባሁ። «ለሻንጣው ነው፣ ወንድሜ ጠይቆ ነው» አልኳት። እንቢ ትላለች ብዬ ነበር፤ ተነስታ ቆመችልኝ። እጆቿን እንደ ሕፃን ዘረጋች። ከስንት ወር በኋላ ነው የነካኋት። ሜትሩን አዞርኩት፣ ቁጥሩን አየሁት፣ ተሳስቻለሁ ብዬ እንደገና አዞርኩት። «ስንት ነው እማ?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። ቁጥሩን በጀርባው ጽፌዋለሁ፤ እንደ ባለሙያ አንብበው እንጂ ምንም አትበለኝ።

ሥራ የላትም። ትምህርቷን በሦስተኛው ዓመት ትታዋለች። ከክፍሏ የምትወጣው እኔ ሥራ ስሄድ ነው፤ ማታ ስገባ ማንኪያው ቦታውን ቀይሮ ካገኘሁት በላች ማለት ነው። ሐኪም ያያታል። መድኃኒት አላት፤ አንዳንድ ቀን ትውጠዋለች። ማን ምን እንዳደረጋት ብጠይቃት «ማንም ምንም አላደረገኝም፣ ይሄ ነው ችግሩ» ትላለች። አልገባኝም። ላንተ ይገባሃል?

እዚህ መሄድ እፈልጋለሁ ስትል ከ«አልፈልግም» ሌላ ቃል ከሰማሁ ቆይቼ ነበር። ፏፏቴውን፣ ጀልባውን የደረደርኩት ለእኔ ነው። ዝምታውን ስለምፈራው ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ጠግቤዋለሁ፣ ተራራ ድረስ ተሸክሜው ልሂድ?

እህትህ

የካቲት 14

እትዬ፤

ፈጣሪ ልብሽን ያጽናልሽ። ቁጥሩን አየሁት። ሻንጣው ሲደርስሽ ቀበቶውን ቆርጠሽ ስፊው።

ልጅሽ ያለችው አልገባኝም። ግን ውሸት አይመስለኝም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። እኔ የተማርኩ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ሰው ይዤ የምወጣ ሰው ነኝና የወጣው ሁሉ መውረድ አለበት። ወደ ጫፉ የሚወስደው መንገድ መጨረሻው ላይ ከአንድ ሰው ትከሻ አይሰፋም። በግራ በኩል ገደል ነው። አጥር የለውም፣ ገመድ የለውም። እዚያ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ በቀኝ ያለውን የአለት ግድግዳ ተደግፎ እንዲሄድ እነግራለሁ፤ ሰዉም ሕይወቱን ስለሚወድ ይሰማኛል። እኔ የምተማመነው በዚያ ነው፤ መኖር በመፈለጉ።

ስለዚህ እጠይቅሻለሁ። ብትረግሚኝም ልቀበል። ልጅሽ በራሷ ላይ ክፉ ለማድረግ አስባ ታውቃለች? ሞክራስ ታውቃለች?

ታናሽሽ

ሚያዝያ 9

ላንተ፤

ደብዳቤህን ቀዳድጄ ጣልኩት። አንተ ማን ነህ፣ ማን ጠየቀህ፣ መንገድ ምራ ነው እንጂ የተባልከው ብዬ ብቻዬን ስለፈልፍ ሰነበትኩ። ሱቅ ውስጥ የደንበኛ ጃኬት እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ፤ እንዲህ አድርጌ አላውቅም። ወረቀቱ ቢቀደድም ጥያቄው ግን አልተቀደደም።

አዎ። አንድ ጊዜ። ካለፈው በፊት በነበረው ክረምት። በጊዜ ደረስኩ። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለአክስታችን ጨጓራዋን ነው የታመመችው ብያታለሁ። ከሐኪሞቹ ሌላ የጠየቀኝ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ሌላው ሁሉ «ልጅሽ እንዴት ናት?» ይለኛል፣ «ደህና ናት» እለዋለሁ፣ እፎይ ብሎ ይሄዳል።

በል አሁን አይሆንም በለኝ። እኔም ልረፍ፣ አንተም ረፍ።

ሚያዝያ 28

እትዬ፤

ስለ ጻፍሽልኝ ፈጣሪ ይስጥልኝ። በጊዜ የደረሱት እግሮችሽ ይባረኩ።

አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ለሁለቱ ባልደረቦቼ ነገሩን ሳላብራራ፣ «የታመመች ልጅ ናት፣ ምን ይሻላል?» አልኳቸው። ጨው አነሰው «ሐኪም ጋ ትሂድ» አለ። እውነቱን ነው። ጫኙ ግን «በቅሎ ሲያዝን ሜዳ ለሜዳ ነው የሚነዳው» አለኝ። የሱም እውነት ነው።

ካርታውን አውርጄ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ገደል የሌለበት መንገድ ፈለግኩ። እንዲህ ዓይነት መንገድ ፈልጌ አላውቅም፤ ሰዎች የሚመጡት ለገደሉ ነው። አንድ አገኘሁ። ጫፉን ትተን በወንዙ ዳር፣ በሸለቆው እንሄዳለን። ደመና ከእግር በታች የለም። ሣር አለ፣ ዛፍ አለ፣ ውኃው ጉልበት አይደርስም። ያንቺ ፏፏቴ በዚያ በኩል ነው፤ ከሥር ሆነን እናየዋለን። ፍል ውኃውም አለ። ዋሻው ቀርቷል። ጀልባው ላይ እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ስንራመድ ጨው አነሰው ከፊት፣ እሷ መሃል፣ እኔ ከኋላዋ። ድንኳናችሁ አንድ ነው።

ሁለት ነገር ግን ግዴታ ነው። ሐኪሟ ይወቅ፣ ይሁን ካላለ አትምጡ። እሷም የምንሄድበትን ትወቅ፤ ሰው ተደልሎ ተራራ አይወጣም። እሺ ካላችሁ ግንቦት መጨረሻ፣ ዝናቡ ሳይጀምር። ለእነዚያ ቀናት ሌላ እንግዳ አልያዝኩም።

እፈራለሁ እትዬ። ግን ኑ።

ታናሽሽ

ግንቦት 12

ወንድሜ ሆይ፤

ደስ ይበልህ! ሐኪሙ ይሁን አለ፤ የሚደወልበትን ቁጥር ሁሉ ጽፎ ሰጠኝ። ያንተን ደብዳቤ ሙሉውን አነበብኩላት። ገደል የሌለበት መንገድ ያልከው ላይ ስደርስ ቀና ብላ አየችኝና «አውቋል ማለት ነው» አለች። «ጠይቆኝ ነው» አልኳት። «ጎሽ» አለች። በቃ፣ ጎሽ።

ጫማዋ መጥቷል። አዲስ ስለሆነ ቤት ውስጥ እያደረገች ታለማምደዋለች። እኔ ወጥ ቤት ቆሜ ኮሪደሩ ላይ ስትመላለስ እሰማለሁ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ከታች የሚኖረው ሰውዬ በመጥረጊያ እንጨት ጣሪያውን ደበደበ። ሄጄ ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ግንቦት 27 በጠዋቱ አውሮፕላን እንነሳለን። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ጠብቀን።

እህትሽ፣ ኧረ እህትህ! ደስታው ነው።

ሰኔ 2

ለተከበሩ እመቤት፤

ጤናዎን እመኛለሁ።

በተባለው ቀን ስማችሁን ካርቶን ላይ ጽፌ መንገደኛ የሚወጣበት በር ላይ ቆምኩ። የመጨረሻው ሻንጣ ተጎትቶ እስኪያልፍ አልሄድኩም። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ በማግሥቱም መጣሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ጽዳት ሠራተኛ ወንበር አመጣችልኝ።

በቅሎዎቹ መግቢያው ላይ ተጭነው ነበር፣ ተራገፉ።

ስለ ጉዞው ምንም አልጠይቅዎትም። ሰላም መሆናችሁን ብቻ በአንድ መስመር ይጻፉልኝ።

አክባሪዎ

ነሐሴ 12

ወንድሜ፤

አንቱ ብለህ የጻፍክልኝ ደርሶኛል። ይገባኛል። በስንት ስድብ አይገኝም እንዲህ ያለ ቅጣት።

በሕይወት አለን። ከዚህ ሌላ ሰላም የለንም።

የዚያን ቀን ጠዋት ከእኔ ቀድማ ለብሳ ጠበቀችኝ። ሻንጣዋን አዝላ፣ የሰፋሁላትን ቀበቶ ወገቧ ላይ ቆልፋ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው። ታክሲው ታች ቆሟል። እኔ ቀድሜ ወረድኩ፤ ዞር ስል የለችም። ተመልሼ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። «ተነሽ እንጂ» አልኳት። «እግሬ እሺ አላለኝም እማ» አለች። ጎተትኳት። ለመንኳት። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። «እዚያ ሰው ቆሞ ይጠብቀናል!» ብዬ ጮህኩባት፤ ጎረቤት ሁሉ በር ከፈተ። እሷ አላለቀሰችም። ቀበቶውን ፈታች፣ ሻንጣውን ቀስ ብላ አወረደች። ያን ጊዜ «ገደልሽኝ» አልኳት።

እንዲህ ያለ ቃል ለእንዲህ ያለ ልጅ ይባላል? እኛ እኮ ውኃ ሲደፋብን፣ መርፌ ሲጠፋብን የምንለው ነው። እሷ ግን እንደተባለው ሰማችው።

ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ምን ልበልህ?

ከሳምንት በኋላ ሆስፒታል አስገባኋት። ራሷ ናት «ውሰጂኝ» ያለችኝ፤ ሐኪሞቹ ይሄ ደህና ምልክት ነው ይላሉ። መስኮቱ ከአንድ እጅ በላይ አይከፈትም። ስገባ የቦርሳዬን ማንገቻ ይፈቱታል፤ ኮሌታዬ ላይ የማልነቅላቸው ስፒሎች አሉ፣ የመጀመሪያ ቀን ነርሷ አንድ በአንድ ለቅማ በወረቀት ጠቀለለቻቸው። «ለሥራ ነው» አልኳት። «አውቃለሁ እናቴ» አለችኝ። እዚያ ሄጄ እቀመጣለሁ። ልጄ ግድግዳውን ታያለች፣ እኔ እሷን አያለሁ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ እሄዳለሁ።

ትናንት ልነሳ ስል ጠራችኝ። «እማ፣ ያ ሰውዬ አሁንም ይጠብቃል?» አለች። «አዎ» አልኳት። ምን ልበላት? ዳግመኛ የምንመጣ አይመስለኝም። እሷም የሚመስላት አይመስለኝም። ግን ደግሞ ጠየቀች።

አንተ ሥራ ላይ ነህ፣ ሌላ እንግዳ ይዘህ ወጥተህ ይሆናል። ብቻ ውሸታም አታድርገኝ። ከፈለግህ በአንቱታ ጻፈው።

መስከረም 21

እትዬ፤

አንቺም ልጅሽም አይዟችሁ። ስትገቢ የሚያራግፉሽ ሸክም ስትወጪ አብሮሽ እንዳይወጣ እመኛለሁ። አንቱ ያልኩሽ ተናድጄ ነው፤ ከንዴቱ በታች ፍርሃት ነበረ። ሞታለች ብዬ ነበር።

መልሴ የዘገየው ደብዳቤሽ ዞሮ ዞሮ ስላገኘኝ ነው። ቢሮዬ ተዘግታለች፤ ብስክሌት ጠጋኙ ነው ተቀብሎ ያቆየልኝ። እንድታዝኚ አይደለም የምነግርሽ፣ እውነት ለእውነት ተጻጽፈን እዚህ ስለደረስን ነው። በግንቦት መጨረሻ አንድ ትልቅ ቡድን ሊመጣ ጠይቆ ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ የጠየቀን እሱ ብቻ ነው። ቀኑ ከናንተ ቀን ጋር ስለገጠመ ለሌላ መሪ ለቀቅኩለት፤ ከዚያ ወዲህ የቢሮ ኪራይ የሚሸፍን እንግዳ አልመጣም። ጨው አነሰው ቡድኑን መልቀቄን ሲሰማ ድስቶቹን ሰብስቦ አሰረ። አሁን ከተማ ውስጥ አንድ ሆቴል ድስት ያጥባል፤ እንዲቀምስ አይፈቀድለትም። ጫኙ በቅሎዎቹን ሸጠ። ገዢው ሲነዳቸው አብሮ እስከ ድልድዩ ሄዶ ተመለሰ አሉኝ።

ኑ በማለቴ አልጸጸትም ብልሽ ግማሹ እውነት ነው። ያቺን ልጅ ደረጃው ላይ ያስቀመጣት የኔ መንገድ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ጫማ ባታደርግ፣ ቀን ባይቆረጥ፣ ሰው ባይጠብቃት ኖሮ እላለሁ። ደግሞ ጎሽ ያለችውን አስባለሁ። አላውቅም እትዬ። ሰው ተሸክሜ ከተራራ አውርጄ አውቃለሁ፤ ይሄኛውን በየት በኩል እንደሚያወርዱት አላውቅም።

የምሠራው ከተማ ዳር የሲሚንቶ መጋዘን ነው። ከበሩ አጠገብ አንድ ሰው የምትይዝ የቆርቆሮ ቤት አለች። መኪና ሲመጣ ብረቱን አነሳለሁ፣ ሲያልፍ እመልሳለሁ። ተራራው ከዚህ አይታይም፤ አቧራው ነው መሰለኝ። የደንብ ልብሴ ደረት ላይ «ጥበቃ» ተብሎ ተጽፏል። ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ሥራ የለኝም።

ስለዚህ እንደገና ከጠየቀችሽ ይጠብቃል በያት። አልዋሸሻትም።

ወንድምሽ